ማክሰኞ ባሕሩ ባዶ ነው

ሐሙስ፣ ኦገስት 6

እሠራበት የነበረው ጋዜጣ የታኮራዲ ቢሮውን ከዘጋ ወዲህ ማስታወሻ ይዤ አላውቅም ነበር። ዛሬ የሚጻፍ ነገር ተገኘ።

ኩባንያው የዓሣ አጥማጆች ጉዳይ ተጠሪ አድርጎ ከቀጠረኝ ሁለት ወር ሆነኝ። ከባሕሩ ዳር ስድሳ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ውሃው ከሺህ ሜትር በላይ በሚጠልቅበት ቦታ፣ የዘይትና የጋዝ ጉድጓዶች እየተቆፈሩ ነው። በባሕሩ ወለል ላይ የሚዘረጋው ቧንቧ ከታኮራዲ ወደብ በመርከብ ይጫናል። በወደቡና በጉድጓዶቹ መካከል ያለው ውሃ ደግሞ የእኛ ሰዎች መረብ የሚጥሉበት ነው። ሁለቱ እንዳይጋጩ ማድረግ የእኔ ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ተጋጩ። ቧንቧ ጫኙ መርከብ የሁለት ታንኳ መረብ ጎትቶ ሄደ። የከተማችን የዓሣ አጥማጆች አለቃ ናና አርሂን፣ «አንድ መርከብ ደግሞ ቢያልፍ መቶ ታንኳ ይዤ የወደቡን አፍ እዘጋለሁ» ብለው ላኩብኝ። ለአለቃዬ ለማዳም አሴዱ ነገርኳት። ከአክራ የመጣች፣ ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። የመጀመሪያው ዘይት በዲሴምበር እንደሚወጣ ለመንግሥት ቃል ተገብቷል። መርከብ አንድ ቀን ቆመ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ፊቷ ላይ አየሁት።

ስብሰባ ተጠራ። ሰባት ሰው፣ አንድ ካርታ። አንዱ አጃቢ ጀልባ ይጨመር አለ፤ ሌላው የባሕር ኃይል ይጠራ አለ። እኔ እጄን አወጣሁ።

«ማክሰኞ ለምን አይሄድም?»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ማክሰኞ የባሕሩ የዕረፍት ቀን ነው» አልኩ። «ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ ማንም አያጠምድም። መረብ የነከረ በግ ይቀጣል፣ ታንኳው ይታሰራል። ማክሰኞ ባሕሩ ባዶ ነው።»

የመርከቡ ካፒቴን፣ ረጅም ኖርዌያዊ ነው፣ ከወንበሩ ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። «አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ ተቀምጠን ይህን የነገረን ሰው የለም» አለ። ማዳም አሴዱ ስንወጣ በሩን ይዛ እኔን አሳለፈችኝ።

ዓርብ፣ ኦገስት 7

ቅጹን ሞላሁ። «በመስመሩ ላይ ማክሰኞ የሚጠበቁ ትናንሽ ጀልባዎች ብዛት» ይላል። «ምንም» ብዬ ጻፍኩ። ስም፣ ፊርማ፣ ቀን።

በረዶ ጭነው ሦስት አራት ቀን ባሕር ላይ የሚያድሩ ታንኳዎች አሉ። ጥቂት ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ማክሰኞ አያጠምዱም። ቅጹ ለማብራሪያ የሚሆን ቦታ የለውም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 11

በአጃቢው ጀልባ ሆኜ የመጀመሪያውን ጉዞ አየሁ። ባሕሩ እንደ ተጠረገ ግቢ። ከወደቡ እስከ ጥልቁ ውሃ ጫፍ አንድ መረብ አልነካንም። የአጃቢው ጀልባ ነጂ ላርቴ፣ የቴማ ልጅ ነው፣ «ሰውዬ፣ አንተን ቀድመው ቢቀጥሩ ኖሮ ዘይቱ ይኸኔ ወጥቶ አልቆ ነበር» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ባሕር ዳሩ ወረድኩ። ማክሰኞ ስለሆነ ወንዶቹ ሁሉ በዳሱ ሥር ናቸው፤ ገሚሱ መረብ ይጠግናል፣ ገሚሱ ዳማ ይጫወታል። ገና ሲያዩኝ ጀመሩ።

«ጋዜጣው መጣ! ዛሬ የማንን ስም ልታጠፋ ነው?»

«ተዉት፣ አሁን የኩባንያ ሰው ነው። ጫማውን እዩት።»

ናና አርሂን ዳማቸውን ትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ነጮቹ ማክሰኞን አከበሩ አሉ» አሉኝ። «ሰው ሲሠራ በታዛው አያልፉም፣ ሰው ሲያርፍ ያልፋሉ። ይህን ያስተማራቸው ባለጌ አይደለም።» ከአረቄያቸው ጥቂት መሬት ላይ አፍስሰው ቀሪውን ሰጡኝ።

ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ አላልኩም። ሥራውን የሠራሁት ለምስጋና አይደለም።

እሑድ፣ ኦገስት 16

እህቴ አራባ ቤት ምሳ በላሁ። የበቆሎ ኬንኪና በርበሬ፤ ዓሣው ትንሽ ነበር። የዓሣ ማጨሻ ምድጃዎቿ አራት ናቸው፤ የሚጨሰው አንዱ ብቻ ነው። ባሏ ኤጂር የታንኳ አለቃ ነው። ታንኳዋ ጎን ላይ በቢጫ ቀለም «እንዲህ ነው ነገሩ» የሚል ተጽፎባታል፤ ሰው ሁሉ ታንኳዋንም እሱንም በዚሁ ስም ይጠራል።

«ዋርሳዬ፣ መርከቦችህ ዓሣውን ጠርተው ወሰዱብን» አለኝ። «ያ ቆፋሪ መርከብ ሌሊቱን እንደ ሠርግ ቤት ያበራል፤ ዓሣ ደግሞ ብርሃን ወዳድ ነው። እዚህ ዳር የቀረው የዓሣ ሕፃን ነው። እሱን ይዤ ብመጣ እህትህ በማማሰያ ነው የምታባርረኝ።»

«በምድጃ ክዳን» አለች አራባ። «ማማሰያዬን ምን በወጣው!»

ስለዚህ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ እሱም በረዶ ጭኖ ሊሄድ ነው። እሑድ ወጥቶ ረቡዕ ይመለሳል። እንደ ዋዛ ጠየቅሁት፤ «ማክሰኞስ የት ትሆናላችሁ?»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «አንተ ሰው፣ የተወለድክበትን አገር ረሳኸው? ጥልቁ ውሃ ላይ መልሕቅ አይደርስም። ሰኞ ማታ ወደ መለስተኛው ውሃ ተመልሰን፣ መልሕቅ ጥለን፣ ፋኖስ አጥፍተን እንተኛለን። ሙሉ ቀን። የዓመቱ እንቅልፍ እሷው ናት።»

«ፋኖስ ለምን ታጠፋላችሁ?»

«ፋኖስ ዓሣ አይጠራም እንዴ? ማክሰኞ ማብራት ማጥመድ ነው። የባሕሩ አምላክ ቦሶምፖ ተኝቶ ሳለ በሩ ላይ ፋኖስ ይዘህ ልትቆም ነው?»

መለስተኛው ውሃ ያለው ካርታው ላይ የመርከቡ መንገድ የሆነው ቀዩ መስመር በሚያልፍበት ነው። ነገ ለማዳም አሴዱ እነግራታለሁ። ቀላል ነገር ነው። አንድ ቃል ማስተካከል ነው።

ሰኞ፣ ኦገስት 17

ሚኒስትሩ ዓርብ ሊጎበኙ ይመጣሉ። ቢሮው ተሸብሯል። ማዳም አሴዱ ከበሩ ስታየኝ፣ «መልካም ወሬ ከሆነ ግባ፤ ሌላው ከሚኒስትሩ በኋላ ይሁን» አለችና ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ከሚኒስትሩ በኋላ።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 18

መርከቡ አለፈ። ምንም አልተፈጠረም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 19

ኤጂር ተመለሰ፤ ታንኳዋ ሙሉ። አራባ ሦስት ምድጃ አቀጣጠለች፤ ለእኔም ጥሩ ዓሣ በቅጠል ጠቅልላ ላከችልኝ። ማታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ኤጂር ሲያወራ፣ «ትናንት ተኝተን ሳለ አንድ ነገር አለፈ። ታንኳዋ ዘንበል ቀና አለች። አብሮን የሚቀዝፈው ኤቦ፣ 'ቦሶምፖ ተገላበጠ' አለ፤ ስንስቅ እንቅልፋችን ጠፋ» አለኝ።

በልቼ መጣሁ። ዓሣው ጥሩ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 25

ሚኒስትሩ መጥተው ሄዱ። በንግግራቸው «የማኅበረሰቡን ባህል ያከበረ ልማት» አሉ። ማዳም አሴዱ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች።

ወደቡ ላይ ማራገፊያው ስለተጣበበ የማክሰኞው ጉዞ ከእንግዲህ ጎሕ ሳይቀድ ይሆናል። አጃቢውም ጀልባ ከሁለት ወደ አንድ ወርዷል፤ ሌላው ቆፋሪውን መርከብ ሊጠብቅ ሄደ። ላርቴን ወደብ ላይ አግኝቼ፣ «ዐይንህን ክፈት፣ ታንኳ አይጠፋም» አልኩት።

«ማክሰኞ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ያንተው ወረቀት ምንም የለም ይላል። አሁን ደግሞ አለ ልትለኝ ነው?»

«ለጥንቃቄ ነው» አልኩት።

ዓርብ፣ ኦገስት 28

ለማዳም አሴዱ ማስታወሻ አረቀቅሁ። አራት ጊዜ።

አንደኛው፦ «በኦገስት 7 ቅጽ ላይ ስሕተት ሠርቻለሁ።» ሰረዝኩት። ስሕተት አይደለም፤ ማክሰኞ የሚያጠምድ የለም፤ ይህ እውነት ነው። ሁለተኛው፦ «ተጨማሪ መረጃ ደርሶኛል።» ይህም አልጣመኝም። «መቼ ደረሰህ?» ብትለኝስ? አራተኛው ጥሩ ነበር። ንጹሕ፣ አጭር፣ ማንንም የማይነካ። ምን እንዲደረግ እንደምጠይቅ ግን ከጽሑፉ አይታወቅም።

በጋዜጣው ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ ማረሚያ የምንጽፈው በሁለተኛው ገጽ ታች ነበር። ማንም አያነበውም፤ እኛ ግን ጽፈናል። መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። የኮንትራቴ የሙከራ ጊዜ የሚያበቃው በሴፕቴምበር መጨረሻ ነው፤ ከዚህ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም።

እሑድ፣ ኦገስት 30

ሌላ መንገድ አሰብኩ። ለኤጂር ለራሱ ብነግረውስ? ሞተሩ ተበላሽቶበት ዛሬ አልወጣም፤ ታንኳዋ ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት።

«ማክሰኞ ፋኖስ አብሩ» አልኩት።

ሳቀ። የምሬን መሆኑን ሲያይ ሳቁን አቆመ። «ስድስት ሰው ነን። ከስድስቱ አንዱ ለናና አርሂን ባይናገር ሚስቱ ትናገራለች። ከዚያ በጉን አንተ ትነዳልኛለህ?»

«እንግዲያው ሌላ ቦታ ተኙ። መንገዱ ላይ ናችሁ።»

«የምን መንገድ? ባሕር ላይ መንገድ የሠራው ማነው?»

«ማክሰኞ መርከብ ያልፋል፣ ኤጂር። ጎሕ ሳይቀድ።»

ወደ ባሕሩ ዞሮ አየ። ነገሩ የገባው መሰለኝ። ያ ተገላበጠ ያሉት ነገር ምን እንደ ነበረ ማለቴ ነው።

«ማክሰኞ ይለፉ ያላቸው ማነው?»

«የኩባንያው ውሳኔ ነው።»

«እኛ እዚያ እንደምንተኛ አያውቁም?»

«አያውቁም መሰለኝ።»

«ታዲያ ንገራቸው!» አለ፤ ነገሩ ያን ያህል ቀላል ነበር ለእሱ። «አንተ እዚያ ነህ አይደል? ሌላ ቦታ ምን አለ ብለህ ነው፤ ሌላው ወይ ድንጋይ ነው ወይ ጥልቅ ነው። ንገራቸውና ትንሽ ወደ ምዕራብ ጠጋ ይበሉ። ለእነሱ ምን አላት? መሪ ማዞር ናት።»

«እሺ» አልኩት።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

የኤጂር ሞተር አልተሠራም። መርከቡ አለፈ። እግዜር ይመስገን።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 4

ጠዋት አራተኛውን ማስታወሻ በእጄ ይዤ ማዳም አሴዱ በር ላይ ቆምኩ።

«ግባ፣ ግባ» አለችኝ። «ካፒቴኑ ለዋናው ቢሮ በጻፈው ሪፖርት ስምህን አንሥቷል። ከኦክቶበር ጀምሮ ቋሚ እንድትሆን ጠይቄያለሁ። አንተ የምትጽፈውን ሰው ያምናል፤ ይህ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።» ከዚያ እጄን አየች። «ሌላ ነገር ነበረህ?»

«የለም» አልኩ።

ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ሰኞ በኢሜይል እልከዋለሁ። እንዲያውም በኢሜይል ይሻላል፤ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራል።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 6

ራሴን አሞኝ ዋልኩ። ሰዓቱ ሲደርስ ከቤቴ በላይ ካለው መንገድ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ስድስቱ ታንኳዋን በዘፈን እየገፉ አስገቧት። ኤጂር ወደ መንገዱ ቀና ብሎ እጁን አወዛወዘልኝ። ሞተሩ በአንድ ጉተታ ተነሣ።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 7

ኢሜይሉ አልተላከም። ኔትወርክ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ መጣ፤ ከዚያ ሌላ ሥራ ገባብኝ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 8

ዝናብና ጉም። መርከቡ አለፈ። ላርቴ በሬዲዮ፣ «ከፊቴ ያየሁት ነገር የለም» አለ። የዕለቱን ሪፖርት ጻፍኩ፦ ጉዞው ያለ እንከን ተጠናቋል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 9

ኤቦን አመጡት። ሌላ ታንኳ ነው ያነሣው። በነዳጅ ጀሪካን ተንጠልጥሎ ሙሉ ቀንና ሙሉ ሌሊት።

ኤቦ ያለው፦ ተኝተን ነበር። ጉም ነበር። ፋኖስ አልነበረንም። ድምፅ ሰማሁ። ኤጂር ተነሥቶ ቆመ። ቤት የሚያህል ነገር። ኤጂር ጮኸ። ምን ብሎ እንደጮኸ አላውቅም።

አምስት ሰው።

አራባ ባሕር ዳር ናት። እስካሁን አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 10

ሄድኩ። እጄን ያዘች። አላለቀሰችም። «ኤጂር ዋናተኛ ነው» አለችኝ።

መርከቡ ምንም አልተሰማውም ይላሉ። ያን የሚያህል መርከብ አይሰማውም። እውነት ነው፣ አይሰማውም።

ዓርብ

ፍለጋ። ላርቴ አያናግረኝም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 13

ሦስት ሬሳ ተገኘ። ኤጂር ከእነሱ ውስጥ የለም። ከታንኳዋ የፊት ሳንቃ አንድ ክንድ ያህል ወደ ዳር ወጥቷል፤ ቢጫው ቀለም አለበት። ናና አርሂን ባሕሩ ለአንድ ሳምንት እንዲዘጋ አዘዙ፤ ከበሮ እንዳይመታም ተከለከለ። ሬሳ ሳይገኝ ቀብር የለም። ቀብር ሳይኖር አራባ መበለት አይደለችም፤ ሚስትም አይደለችም። ዓሣ አታጨስም፣ ጥቁር አትለብስም፤ ሰው ሲመጣ ወንበር ታቀርባለች።

ዓርብ፣ ሴፕቴምበር 18

በዚህ ሳምንት መርከቡ አልሄደም። ከሚመጣው ማክሰኞ ጀምሮ ይሄዳል፤ ዲሴምበር አልተነካም።

ማዳም አሴዱ የምርመራውን ግኝት ሰጠችኝ፤ በእኛ ቋንቋ እንድመልሰው። ሁለት ገጽ ነው። ታንኳው መብራት አልነበረውም። ጉም ነበር። በሦስተኛው ነጥብ ላይ ግን ቆምኩ፦ «በማኅበረሰቡ የራሱ ሕግ መሠረት ማክሰኞ ባሕር ላይ መገኘት የተከለከለ ነው፤ ይህም በማኅበረሰቡ ተጠሪ በጽሑፍ ተረጋግጧል።» የኦገስት 7 ቅጽ ተያይዟል። ፊርማዬ በፎቶ ኮፒው ላይ ከዋናው ይልቅ ጎልቶ ይታያል።

«መገኘት አይደለም፤ ማጥመድ ነው የተከለከለው» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ይህን ዛሬ ነው የምትነግረኝ?»

ዐይኔ ወደ ፊርማዬ ሄደ።

«እንግዲያው ዛሬም አልነገርከኝም» አለች በቀስታ። «ቅጹ ጠበቃህ ነው። አትንካው።»

ከዚያ ስለ እህቴ ባል ሐዘኗን ገለጸችልኝ። ከልቧ ነበር።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 20

ናና አርሂን አስጠሩኝ። ከዳሱ ሥር ሽማግሌዎቹ፣ የዓሣ ነጋዴዎቹ አለቃ ማሜ ኤሳባ፣ የሟቾቹ ዘመዶችም አሉ። ለኩባንያው አቤቱታ ሊጻፍ ነው።

«ብዕር ያለህ አንተ ነህ» አሉኝ። «ገንዘብ ብለህ እንዳትጽፍ። ገንዘብ ከጻፍክ ገንዘብ ያመጣሉ፤ ከዚያ አፋችን ይዘጋል። ጥያቄ ጻፍ። የእኛን ማክሰኞ ለመርከብ መንገድ ይሁን ያለው ማነው? ማክሰኞ ባሕሩ ባዶ ነው ብሎ የነገራቸው ማነው?»

ማሜ ኤሳባ፣ «ስሙን ይንገሩን፤ ሌላው የእኛ ነው» አለች። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የደስታ አልነበረም።

እዚያው ተቀምጬ ጻፍኩ። አምስት ጥያቄ። ሦስተኛው ያ ነው። ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ማሜ ኤሳባ፣ «እሰይ፣ እንዲህ ነው መጻፍ» አለች። በእውነትም ጥሩ ተጽፏል። ከጋዜጣው ከወጣሁ እንዲህ አልጻፍኩም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 23

ትናንት መርከቡ አለፈ፤ በፀሐይ፣ በሁለት አጃቢ ጀልባ።

ማዳም አሴዱ አቤቱታውን በጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። «የጻፈው ሰው ጎበዝ ነው» አለች። ማን እንደጻፈው ታውቅ ይሆን? አላወቅሁም። «መልሱን አንተ አርቅቀው። የሚሰሙበትን ቋንቋ የምታውቀው አንተ ነህ።»

አረቀቅሁ። ለሦስተኛው ጥያቄ፦ «የጉዞው ቀን የተመረጠው ከማኅበረሰቡ በተገኘ የአካባቢ ዕውቀት ላይ ተመሥርቶ ነው።»

አንድ ቃል እንኳ ሐሰት የለበትም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጥያቄውም የመልሱም እጅ አንድ መሆኑ የሚታወቅ አይመስለኝም፤ መልሱ በታይፕ ነው።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ሰው ሁሉ ቤቱ ስለሚውል የመልሱ ንባብ ዛሬ ሆነ። ዳሱ ሞልቶ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። አራባ ከፊት፣ ከኤቦ አጠገብ። ማዳም አሴዱ አልመጣችም፤ እኔ እንደምበቃ ነግራኛለች።

ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ናና አርሂን እጃቸውን አነሡ።

«ድገመው።»

ደገምኩት።

«ከማኅበረሰቡ ማለት ከእኛ ማለት ነው?»

«አዎ፣ ናና።»

«ከእኛ ከማን?»

«ከብዙ ሰው የተሰበሰበ ነው ይላሉ።»

«ከብዙ ሰው» አሉ። «እኔ አልነገርኩም። አንቺ ኤሳባ ነግረሻል? ኤቦስ? እንግዲህ ብዙ ሰው የሚባለው እዚህ ከእኛ ጋር ያልተቀመጠ ሰው ነው።» ማንም አልሳቀም። ዐይናቸው እኔ ላይ ነበር፤ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ከኋላ አንድ ሰው፣ «ያ ጫማ በነጻ አልመጣም» ሲል ሰማሁ። ሌላው «ዝም በል፣ የሟች ዋርሳ ነው» አለው።

ናና አርሂን በመጨረሻ ተነሡ። «ከእኛ ነው ካሉ ከእኛ ነው። ቦሶምፖ ያውቀዋል። እኔ ሌላ የምለው አለኝ። ከዛሬ ጀምሮ ማክሰኞ ባሕር ላይ ያደረ ታንኳ ፋኖስ ያብራ፣ አንድ ሰውም ነቅቶ ይደር። በጉን እኔ አቀርባለሁ፤ ባሕሩን እኔ ይቅርታ እለምናለሁ።»

ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አባቶቻቸው ያላደረጉትን ነው። አንዱ አዛውንት መሬት እያዩ፣ «እንግዲህ ሰባቱም ቀን ሰኞ ሆነ» አሉ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 30

አራባ ሳትጠራ ቤቴ መጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ቤት ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ውሃ ሰጠኋት፤ አልጠጣችም።

«ትናንት ሲያጉረመርሙብህ ሰማሁ» አለችኝ። «አንጀቴ ተቃጠለ። የማላውቀው ነገር መስሏቸው።»

«ምኑን?»

«ኤጂር ነግሮኛል። ከመሄዱ በፊት የነበረው እሑድ እዚያ ታንኳው ጥላ ሥር የተነጋገራችሁትን። እኔ ፈራሁ። መርከብ የሚያልፍ ከሆነ ሰኞ ማታ ተመለስ፣ ዓሣው ይቅር አልኩት። 'ሞኝ አትሁኚ፣ ወንድምሽ ይነግራቸዋል፤ እሺ ብሎኛል' አለኝ። ጎኑን አሳርፎ ነው የተኛው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ነገርካቸው አይደል?»

ከውጭ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል። ስለ ኳስ ያወራሉ።

«ነገርኳቸው» አልኩ።

«አውቅ ነበር።»

«በጽሑፍም አዘጋጅቼ ነበር» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

«ታዲያ ለምን አልሰሙህም?»

«ትልቅ ኩባንያ ነው አራባ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ያን ቀን ያልወጣላት እንባ ወጣ፤ እጄን ይዛ ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ስትሄድ፣ «ይህን ይዘህ ብቻህን ከረምክ» አለችኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 2

አራባ ለማሜ ኤሳባ ተናግራለች። ማሜ ኤሳባ የሰማችው ዓሣ ገበያው የሰማው ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በመንገድ ሳልፍ መረብ የሚጠግኑት ቆመው ሰላም አሉኝ። ያ ስለ ጫማዬ የተናገረው ሰው ይመስለኛል፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ። ከኩባንያው የቋሚነት ደብዳቤም ደረሰኝ።

ዛሬ ጠዋት ናና አርሂን አስጠሩኝ። ሁለት ሽማግሌ ከጎናቸው አስቀምጠዋል፤ ነጭ ጨርቅ ለብሰዋል። እንድቀመጥ ሳይሉኝ እሳቸው ተነሡ።

«ልጄ፣ ነግረሃቸው እንደ ነበር ሰምተናል» አሉ። «እኛ ግን በልባችን አማንህ። እኔ ራሴ በሰው ፊት በነገር ወጋሁህ። ሽማግሌ ሲሳሳት ቆሞ ነው የሚናገረው። ይቅር በለን።»

ሁለቱም ሽማግሌዎች ተነሥተው ቆሙ። ሦስቱም መልሴን ይጠብቃሉ። የናና እግር ደካማ ነው፤ ብዙ መቆም አይችሉም።

ይቅር ብያለሁ አልኳቸው።